194,313ን በእጅ መመርመር፦ ከባሕረ ሐሳብ የተገኘ የአንድ ትልቅ ቁጥር ጠባያት

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን በአንዱ ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ተማሪዎች ጋር ሒሳብ እንሠራለን። ሰሌዳችን ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ነው። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ሳለ በላይኛው ፎቅ የሚኖሩ መሪጌታ ወርደው ከልጆቹ ጋር ተቀመጡና፣ "ልጄ፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት መሆኑን እነዚህም ሰምተው ይሆናል፤ ስንት ቀን እንደሆነ ግን ታሳያቸዋለህ?" ብለው ጠየቁኝ። "እሺ መሪጌታ፣ አብረን እናውጣው" አልኩና ጠመኔ አነሣሁ። ዐቢይ ቀመር ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት ትልቁ ዙር ነው። ያገኘነው ቁጥር 194,313 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድን ትልቅ ቁጥር እንዴት መመርመር እንደሚቻል ለማስተማር ይህንኑ ቁጥር እጠቀማለሁ። የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። የስልክ ካልኩሌተር ካለ መጨረሻ ላይ ለማረጋገጫ ይቆይ፤ ቀድሞ የተከፈተ ካልኩሌተር መልሱን እንጂ የቁጥሩን ጠባይ አያሳይም።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ከምንጩ መሥራት

በእኛ አቆጣጠር ሦስቱ ዓመታት 365 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት አንዱ ዓመት፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ደግሞ 366 ቀን አላቸው። ስለዚህ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያለው አንድ ዙር 1,461 ቀን ነው። በ532 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ዙር 133 ጊዜ ይገኛል፤ የሚፈለገው እንግዲህ የ133 እና የ1,461 ብዜት ነው።

ለዚህ ማባዛት በውጭ አገር የሒሳብ ጽሑፎች "የኢትዮጵያ ማባዣ" ተብሎ የሚታወቀውን፣ የጥንት ግብፃውያንም በተመሳሳይ መልክ የተጠቀሙበትን ዘዴ ይውሰዱ። በግራ ያለውን ቁጥር እየገመሱ (ትርፍ ግማሽ ካለ እየጣሉ)፣ በቀኝ ያለውን እያጠፉ ወደ ታች ይውረዱ፦

133 — 1,461
66 — 2,922
33 — 5,844
16 — 11,688
8 — 23,376
4 — 46,752
2 — 93,504
1 — 187,008

በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸው መስመሮች ሦስት ናቸው፦ 133፣ 33 እና 1። የእነርሱን ቀኝ ብቻ ይደምሩ፤ 1,461 ሲደመር 5,844 ሲደመር 187,008 ውጤቱ 194,313 ነው። ዘዴው የሚሠራው 133 የ128፣ የ4 እና የ1 ድምር ስለሆነ ነው፤ መገመሱ ሳይነገረን ቁጥሩን 2 በራሱ እየተባዛ ወደሚሰጣቸው ቁጥሮች (1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ) ይበትነዋል፤ ኮምፒዩተርም ቁጥሮችን የሚያስቀምጠው በዚሁ መሠረት ነው።

ደረጃ 2፦ ከመቀጠልዎ በፊት ማረጋገጥ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ለትምህርቱ ስዘጋጅ ስደምር ወደ ቀጣዩ ቦታ የምትሻገር አንዲት ይዘት ረስቼ 194,213 ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያም ለሦስት የማይካፈልበትን ምክንያት ስፈልግ፣ ሻማው ግማሽ እስኪደርስ ድረስ ከተሳሳተ ቁጥር ጋር ስታገል አመሸሁ። ስሕተቱን በግማሽ ደቂቃ የሚይዘው በዘጠኝ የመጣል ዘዴ ነው። የእያንዳንዱን ቁጥር አሃዞች እየደመሩ ወደ አንድ አሃዝ ያውርዱ፦ 1,461 ወደ 12፣ ከዚያም ወደ 3 ይወርዳል፤ 133 ወደ 7 ይወርዳል። 3 ጊዜ 7 ሃያ አንድ ነው፤ እርሱም 3 ይሆናል። የ194,313 አሃዞች ድምርም 21 ነው፤ ወደ 3 ይወርዳልና ተስማሙ። የእኔ 194,213 ግን 20 ይሰጣል፤ ወደ 2 ይወርዳል፤ ስሕተቱ ተጋለጠ።

ዘዴው አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ አይዝም፤ 194,331 ተብሎ ቢጻፍም ድምሩ ያው 21 ነውና ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወንፊት እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

በነገራችን ላይ ቁጥሩ ለአሃዞቹ ድምር ለ21 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ድርሻው 9,253 ነው። እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ሕንዳዊው የትምህርት ቤት መምህር ካፕሬካር በሳንስክሪት ቋንቋ "ሐርሻድ"፣ ደስታ ሰጪ፣ ብሏቸዋል።

ደረጃ 3፦ በግእዝ ቁጥር ጽፎ ቀሪዎችን ማንበብ

194,313 በግእዝ ቁጥር ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል፤ አሥራ ዘጠኝ እልፍ፣ አርባ ሦስት መቶ፣ አሥራ ሦስት። ልጆቹ ይህን ሲያዩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ዜሮ የሌለው ቁጥር ለምን ይጠቅማል?" የሚል ነበር። ለዚህ ሥራ በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አጻጻፉ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገ በመቶና በእልፍ ይከፍለዋል። መቶ ለ99 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ እልፍም እንደዚሁ። ስለዚህ ፻ን እና ፼ን ትቶ ክፍሎቹን መደመር ብቻ ይበቃል፦ 19 ሲደመር 43 ሲደመር 13፣ 75። ይህ 75 ቁጥራችን ለ99 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው። ከእርሱም ተጨማሪ ሦስት ነገር ይነበባል፤ 75 ለ3 ይካፈላል፤ ለ9 ሲካፈል 3 ይተርፈዋል፤ ለ11 ሲካፈል ደግሞ 9 ይተርፈዋል። እንግዲህ 194,313 ለ3 ይካፈላል፤ ለ9 እና ለ11 ግን አይካፈልም።

ሁለተኛው ንባብ በሺዎች ነው። 194,313 ማለት 194 ጊዜ 1,001፣ ሲደመር የ313 እና የ194 ልዩነት ማለት ነው። 1,001 ደግሞ የ7፣ የ11 እና የ13 ብዜት ስለሆነ ልዩነቱን 119ን ብቻ መመርመር በቂ ነው። 119 የ7 እና የ17 ብዜት ነው። ስለዚህ ቁጥራችን ለ7 ይካፈላል፤ ለ13 ሲካፈል 2 ይተርፈዋል፤ ለ11 ሲካፈል ዳግመኛ 9 ይተርፈዋል። የ11 ቀሪ በሁለት መንገድ ተገኝቶ አንድ መሆኑ ሌላ ማረጋገጫ ነው። ከ119 ውስጥ 17ን አይተው ቁጥሩ ለ17ም ይካፈላል ብለው እንዳይቸኩሉ፤ 17 የ1,001 አካፋይ አይደለምና ይህ ንባብ ስለ እርሱ ምንም አይናገርም።

ደረጃ 4፦ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች መበተን

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ነው። ብቸኛ አካፋዮችን ሲፈልጉ እስከ ምን ድረስ መሞከር እንዳለብዎ አስቀድመው ይወስኑ። 440 በራሱ ሲባዛ 193,600፣ 441 በራሱ ሲባዛ 194,481 ነው፤ ስለዚህ ዳግም ዘሩ በ440 እና በ441 መካከል ነው፤ ከ440 በላይ መሄድ አያስፈልግም። አካፋይ በተገኘ ቁጥር ይህ ወሰን ስለሚጠብ ሥራው ከሚታሰበው በላይ አጭር ነው።

ለ3 ያካፍሉ፤ 64,771 ይገኛል። እርሱን ለ7 ያካፍሉ፤ 9,253 ይገኛል። አሁን ወሰኑ ከ440 ወደ 96 ወረደ። 9,253 ለ7 አይካፈልም፤ 6 ይተርፈዋል። ለ11 እና ለ13 መሞከር አያስፈልግም፤ በደረጃ 3 ወድቀዋል። ለ17 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ለ19 ግን 487 ጊዜ ይደርሳል፣ ቀሪም የለውም።

የቀረው 487 ነው። የእርሱ ዳግም ዘር ከ22 ትንሽ ይበልጣልና እስከ 19 መሞከር ብቻ ይበቃል። ለ7 ሲካፈል 4፣ ለ11 ሲካፈል 3፣ ለ13 ሲካፈል 6፣ ለ17 ሲካፈል 11፣ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፈዋል፤ ለ2፣ ለ3 እና ለ5 እንደማይካፈል በዓይን ይታያል። ስለዚህ 487 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ትንተናውም ተጠናቀቀ፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

ደረጃ 5፦ በፌርማ ዘዴ ዳግመኛ መድረስ

በ17ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ያቀረበው ዘዴ አንድን ጎዶሎ ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጎ ለመጻፍ ይሞክራል። ከዳግም ዘሩ በላይ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ይጀምሩ፤ ስኩዌሩን አስልተው ቁጥራችንን ይቀንሱለት፤ የቀረው ራሱ ስኩዌር መሆኑን ይመልከቱ።

በ441 ሲጀመር 168 ይቀራል፤ ስኩዌር አይደለም። በ442 ሲሞከር 195,364 ሲቀነስ 194,313 ውጤቱ 1,051 ነው፤ እርሱም በ32 እና በ33 ስኩዌሮች መካከል ወደቀ። በ443 ግን 196,249 ሲቀነስ 194,313 ውጤቱ 1,936 ነው፤ ይህም 44 በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ተገኘ ማለት ነው፤ አካፋዮቹ 443 ሲቀነስ 44፣ 399፤ እንዲሁም 443 ሲደመር 44፣ 487 ናቸው። ሰሌዳው ላይ ይህ ሲወጣ አንዷ ተማሪ "ታዲያ ያን ሁሉ ማካፈል ለምን ሠራን?" አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። መልሱ ግን 399 እና 487 ብቻቸውን ስለ ዘመን ቀመሩ ምንም የማይነግሩን መሆኑ ነው፤ 399 ዓመት ወይም 487 ቀን የሚባል ዙር በባሕረ ሐሳብ የለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚታየው እስከ ብቸኛ ቁጥሮቹ ድረስ ከተበተነ በኋላ፣ በሌላ አሰላለፍ ዳግመኛ ሲገጠም ነው።

ደረጃ 6፦ አካፋዮቹን ሁሉ ዘርዝሮ ዙሮቹን መለየት

አራት የተለያዩ ብቸኛ አካፋዮች ካሉ እያንዳንዳቸውን መውሰድ ወይም መተው ይቻላል፤ ስለዚህ የአካፋዮቹ ብዛት ሁለት አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 16 ነው። በመጀመሪያ 487 የሌለባቸውን ስምንቱን ይጻፉ፦ 1፣ 3፣ 7፣ 19፣ 21፣ 57፣ 133፣ 399። ከዚያም እያንዳንዳቸውን በ487 ያባዙ፦ 487፣ 1,461፣ 3,409፣ 9,253፣ 10,227፣ 27,759፣ 64,771፣ 194,313።

ከሁለተኛው ረድፍ አራቱን ያስምሩባቸው። 1,461 የአራቱ ወንጌላውያን ዙር ነው። 10,227 የ28 ዓመት ቀናት ናቸው፤ ዓውደ ፀሐይ የሚባለው። 27,759 የ76 ዓመቱ ማዕከላዊ ቀመር ነው። 194,313 ራሱ ዐቢይ ቀመር ነው። መሪጌታ እነዚህን ሲያዩ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ከእያንዳንዱ ጎን ስሙን ጻፉ፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ "ንዑስ ቀመርስ የት ሄደ?" አሉ።

ይህ የመመሪያው ትልቁ ጥያቄ ነው። ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው፤ 19 ዓመት በ365 ከሩብ ሲሰላ 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ይሆናል። ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ ከአካፋዮቹ መካከል ሊገኝ አይችልም። ሩቡ እንዲጠፋ አራት ጊዜ መደጋገም አለበት፤ 4 ጊዜ 19 ደግሞ 76 ነው። ስለዚህ ማዕከላዊ ቀመር ለምን እንዳስፈለገ ከአካፋዮቹ ዝርዝር ብቻ መረዳት ይቻላል። በ76 ዓመት የጨረቃና የወንጌላውያን ዙር ይገጥማሉ፤ ዕለቱ ግን አይገጥምም፤ ምክንያቱም 27,759 ለ7 አይካፈልም፤ ብቸኛ አካፋዮቹ 3፣ 19 እና 487 ናቸው። ዕለቱም እንዲገጥም በ7 ማባዛት ግድ ነው፤ 76 ጊዜ 7 ይኸው 532 ሆነ። በዚህም የተነሣ የ76 ዓመት ቀናት ብዛትና የ532 ዓመት ሳምንታት ብዛት አንድ ቁጥር ናቸው፦ 27,759።

የዕለቱን መዘዋወር ከቅርብ ማየት ይቻላል። 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፈዋልና የዘመን መለወጫ ዕለት በየአራት ዓመቱ አምስት ዕለት ወደ ፊት ይሄዳል። የ2014 ዓ.ም. መስከረም 1 ቅዳሜ ነበር፤ ከቅዳሜ አምስት ሲቆጠር ሐሙስ ነው፤ የ2018ቱ እንቁጣጣሽም ሐሙስ ዋለ። 5 እና 7 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዕለቱ ወደ መነሻው የሚመለሰው ከሰባት ዙር፣ ማለትም ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ለዐቢይ ቀመሩም ምሳሌ ይውሰዱ። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5,500 ዓመት ሲደመር 1,948 ውጤቱ 7,448 ነው፤ ይህም 14 ጊዜ 532 ነው። ስለዚህ አሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ጀመረ፤ ዕለቱም ማክሰኞ ነበር። ልክ 194,313 ቀናት ቆጥረን ስንደርስ መስከረም 1 ቀን 2481 ዓ.ም. ይሆናል፤ እርሱም ማክሰኞ ይውላል።

ጨረቃንም መጨመር ለሚፈልግ፦ በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ይቆጠራሉ፤ በ532 ዓመት 6,580 ይሆናሉ። 194,313 ለ6,580 ሲካፈል አንዱ ወር በአማካይ 29.53085 ቀን ይደርሰዋል። የሥነ ፈለክ ልኬት የሚሰጠው 29.53059 ነው። ልዩነቱ በወር 23 ሰከንድ ገደማ ቢሆንም፣ በ532 ዓመት ተጠራቅሞ ከአንድ ቀን ተኩል ያልፋል።

ደረጃ 7፦ የአካፋዮቹ ድምርና ቁጥሩን የማይጋሩት

የአካፋዮቹን ድምር ለማግኘት አሥራ ስድስቱን መደመር አያስፈልግም፤ በእያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ላይ 1 ጨምሮ ማባዛት ይበቃል፦ 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320። ራሱን ቁጥሩን ሲቀንሱ 118,007 ይቀራል፤ ከ194,313 ያንሳልና ቁጥሩ የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ ከሚያንስባቸው ወገን ነው።

ከእያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ላይ 1 ቀንሰው ቢያባዙ ደግሞ ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት እንደሆኑ ይገኛል፦ 2 × 6 × 18 × 486 = 104,976። ይህን ውጤት ለማየት ትንሽ ይቆዩ፤ 18 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ልክ ይኸው ነው። ምክንያቱ አራቱም ተባዢዎች ከ2 እና ከ3 በቀር ሌላ ብቸኛ አካፋይ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ እንዲህ መግጠሙ ግን አጋጣሚ ይመስለኛል።

ደረጃ 8፦ የስኩዌሮች ድምር

194,313 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር ሁልጊዜ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው፤ የእኛ ግን ብቸኛ ስላልሆነ ደንቡ በቀጥታ አይሠራለትም። አራቱም ብቸኛ አካፋዮቹ ለ4 ሲካፈሉ 3 ይተርፋቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም የመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሊሆን አይችልም፤ መፈለግም ጊዜ ማባከን ነው። በሦስት ግን ይቻላል፦ የ436፣ የ64 እና የ11 ስኩዌሮች፣ ማለትም 190,096፣ 4,096 እና 121 ሲደመሩ 194,313 ይሰጣሉ። ይህን ያገኘሁት ከ440 ጀምሬ አንድ አንድ እየቀነስኩ ቀሪውን በመመርመር ነው፤ አምስተኛው ሙከራ ላይ ተሳካ።

ደረጃ 9፦ 1 ለ194,313 ሲካፈል

ቁጥሩ ለ2ም ለ5ም ስለማይካፈል 1 ለእርሱ ሲካፈል አስርዮሹ አያልቅም፤ ከነጥቡ ጀምሮ ይደጋገማል። የድግግሞሹን ርዝመት ለማወቅ የየብቸኛ አካፋዩን ርዝመት ያውጡ፦ ለ3 አንድ አሃዝ፣ ለ7 ስድስት፣ ለ19 አሥራ ስምንት፣ ለ487 አራት መቶ ሰማንያ ስድስት። የእነዚህ ትንሹ የጋራ ብዜት 486 ስለሆነ የእኛ አስርዮሽ በየ486 አሃዙ ይደጋገማል።

እዚህ ላይ 487 ያልተጠበቀ ጠባይ ያሳያል። በተለመደው ሁኔታ አንድ ብቸኛ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የድግግሞሹ ርዝመት በዚያው ቁጥር እጥፍ ይረዝማል፤ ለ7 ስድስት የነበረው ለ49 አርባ ሁለት ይሆናል። ለ487 ግን በራሱ ቢባዛም ርዝመቱ 486 ሆኖ ይቀራል። በአሥር መሠረት እንዲህ የሚያደርጉ ብቸኛ ቁጥሮች እስካሁን የታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 3፣ 487 እና 56,598,313። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሲያባዙ የአራት ዓመታችን ቀናት፣ 1,461፣ ይገኛሉ።

ለመለማመጃ

ዘዴውን በሌላ ቁጥር ለመሞከር 146,097ን ይውሰዱ፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የ400 ዓመት ቀናት ናቸው። የአሃዞቹ ድምር 27 ነው፤ የሺዎቹ ልዩነት ደግሞ 49። ከዚህ ብቻ ለ9 እና ለ7 እንደሚካፈል ታወቀ፤ ትንተናው ሲያልቅ 3 ሦስት ጊዜ፣ 7 እና 773 ይወጣሉ። በደረጃ 5 ዘዴ እጀምራለሁ የሚል ካለ ግን ወረቀት ያብዛ፤ ከ383 ተነሥቶ 481 ላይ እስኪደርስ ድረስ 99 ሙከራ ይጠብቀዋል፤ ምክንያቱም ከዳግም ዘሩ አጠገብ እንደ 399 እና 487 ተቀራርበው የቆሙ አካፋዮች ይህ ቁጥር የለውም።